የጨዋታው ጦር እንዴት ይሠለጥናል?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ጉግስን ከነጭራሹ ያላየ ጥቂት ይመስለኛል። በጥምቀት ማግስት በገጠር ሜዳ ላይ፣ አለዚያም በሠርግ ቀን፣ ያም ባይሆን በፎቶግራፍ አይታችሁታል። ፈረሱ በመርገፍ አጊጦ፣ ባለፈረሱ ለምድ ደርቦ፣ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ሲጋልብ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላው ዘንጉን አንሥቶ ሲከተለው፣ አቧራው፣ እልልታው፣ ፉከራው፤ ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ግን በዚያች አንድ ቀን ስለሚታየው ነገር አይደለም። ያ ባለፈረስ ሜዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት ስንት ዓመት፣ ከማን ዘንድ፣ ምን ምን ሲማር እንደ ቈየ ነው። ጉግስ የጦርነት ምሳሌ ነው፤ ምሳሌውን የሚጫወተውም ቡድን እንደ ጦር ሠራዊት አለቃና ጭፍራ፣ ምልምልና ነባር፣ ግንባርና ደጀን አለው። ሥርዓቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በአፍና በልምጭ የሚተላለፍ ስለሆነ ግን፣ ብዙው ሰው ፈረስ ያለው ሁሉ ተነሥቶ የሚጋልብ ይመስለዋል።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ በውጭ አገር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በኮምፒዩተር የጦርነት ጨዋታ ይጫወታል። የጨዋታው ስም አርማ ይባላል፤ የሠራውም የቼክ አገር ኩባንያ ነው። ቁልፍ እየነካኩ ያገኙትን ሁሉ መግደል እንዳይመስላችሁ። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ አርባ ያህል ሰዎች ማኅበር አቁመዋል፤ ማኅበራቸውም እንደ እውነተኛው ጦር በጓድና በመቶ የተከፋፈለ ነው። አዲስ የገባ ሰው ምልምል ይባላል፤ ምልምሉም ስድስት ሳምንት ያህል ሳይማር ለዘመቻ አይወጣም። የሚማረውም በሬዲዮ አሳጥሮ መናገርን፣ ካርታ ማንበብን፣ የቈሰለ ጓደኛን ቁስል ማሰርን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይታዘዙ አለመተኰስን ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ ሐኪምነት፣ አንዱ ወደ መትረየስ፣ አንዱ ወደ ሬዲዮ ሥራ ይመደባል፤ የጓድ መሪ ለመሆን ደግሞ ሌላ ትምህርትና ሌላ ፈተና አለ። ደመወዝ የለ፤ ማዕረጉም ከጨዋታው ውጭ ዳቦ አይገዛ። እነርሱ ግን ከቁም ነገር ቈጥረውታል።

ታዲያ አንድ ቀን በስልክ ስንጨዋወት፣ «ጋሼ፤ በእናንተ ጉግስ ምልምሉን የሚያሠለጥነው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእርሱ የመለስሁለት አጭር ነበር፤ ስልኩ ይቈጠራልና። ሙሉውን ለእናንተ እጽፋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በጎጃም፣ በሊበን ገጠር ነው። ከዚያ ጀምሮ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም እስኪወርዱ ድረስ ያለው አገር ደገኛውም ወይናደጋውም ፈረስ ወዳድ ነው። የኔ አስተማሪ የእናቴ ወንድም ነበሩ። ዛሬ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል፤ አንደበታቸው ግን እንዳለ ነው።

የጉግስ ትምህርት የሚጀምረው በፈረስ ላይ አይደለም፤ ከከብት ኋላ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት እረኞች ሳለን አንዳችን ከሣር እንደ ኳስ አድርገን የጠቀለልነውን ነገር ከጉብታ ላይ ቁልቁል ይለቀዋል፤ ሌሎቻችን ከግራና ከቀኝ ተሰልፈን እየተንከባለለ ሲያልፍ በልምጭ እንወጋዋለን። የቆመ ነገር መምታት አያስመሰግንም። የሚወረውር ልጅ ኳሱ አሁን ያለበትን ሳይሆን ጥቂት ቈይቶ የሚደርስበትን ቦታ ማየት አለበት። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ የሳተ ልጅ የሌሎቹን ከብት ሲመልስ ይውላል፤ ከብት መመለስ የሰለቸው ፈጥኖ ይማራል።

ከዚያ የገና ጨዋታ ይመጣል። መንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ የገዛ ወንድማችሁ ከወዲያኛው ወገን ሊሆን ይችላል። በገና እግር ይሰበራል፤ ጥርስ ይወልቃል፤ ነገር ግን በገና ዕለት ጌታ እንኳ በሎሌው አይቈጣም ተብሎ ስለ ተወሰነ፣ ቂሙ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ቤት አይገባም። ልጅ ወገን ይዞ መጋጨትንና ማታ ከተጋጨው ጋር ከአንድ መሶብ መብላትን የሚለምደው እዚህ ነው። የእኅቴ ልጅ ማኅበር ይህን ክፍል እንዴት እንደሚያስተምረው አላውቅም፤ አንዱ በአንድ አገር፣ ሌላው በሌላ አገር ሆኖ መሶቡ ከየት ይመጣል?

ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላን ወደ ፈረስ እንጠጋለን። እንጠጋለን እንጂ እንወጣለን አላልሁም። አንድ ዓመት ያህል ልጁ የፈረሱ አሽከር ነው። ሣር ያጭዳል፤ ጀርባውን ያሻል፤ ኮቴውን እያነሣ ያያል፤ ውኃ ያወርዳል። ያለ ኮርቻ መቀመጥ የሚፈቀድለት ከወንዝ ሲመለስ ብቻ ነው እንጂ ሲሄድ አይደለም፤ የጠማው ፈረስ ወንዝ ካየ የልጅ ትእዛዝ አይሰማምና። ያለ ኮርቻ መቀመጥ ጭንንና ወገብን ያስተምራል። ኮርቻውም ሲመጣ የዚያን ጊዜው እርካብ በእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያዝ ጠባብ ነበር፤ ከነጫማ የሚያስገባው ሰፊው እርካብ የበዛው ኋላ ነው። አጎቴ ሰፊውን እርካብ አይወዱትም። ሰው ሲወድቅ እግሩ እዚያ ውስጥ ይቀራል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ልጁ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ መጋለብ ከቻለ በኋላ በእጁ የሚሰጠው ምን ይመስላችኋል? ዘንግ አይደለም፤ ጋሻ ነው። ሁለት ዓመት፣ እጁ የማይፈታለት ደግሞ ሦስት ዓመት፣ ማምለጥን ብቻ ይማራል። አጎቴ ከኋላዬ በፈረስ እየተከተሉ ደረቅ የማሽላ አገዳ ይወረውሩብኝ ነበር። አገዳው አይጎዳም፤ ነገር ግን ጋሻዬን ስቶ ጀርባዬ ላይ ሲሰበር ድምፁ በሜዳው ሁሉ ይሰማል፤ ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱት ልጃገረዶችም ቆመው ይስቃሉ። ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ቅጣት የለም።

መሸሽ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። በመጀመሪያ ፈረሱን መቈጠብ አለ፤ ሲነሣ በመቶ ርምጃ ውስጥ የፈረሱን ትንፋሽ የጨረሰ ሰው ድንበሩ ሊደርስ ሃምሳ ርምጃ ሲቀረው ይያዛል። ሁለተኛው ነገር ጆሮ ነው። ዘወር ብሎ የሚያይ ፈረሰኛ ሚዛኑን ያጣል፤ ስለዚህ ከኋላ የሚመጣውን በኮቴው ድምፅ ይለካዋል፤ በቀኝ ነው ወይስ በግራ? ቀርቧል ወይስ ገና ነው? የሚያባርረው ሰው ለመወርወር በእርካቡ ላይ ሲቆም የፈረሱ ምት ጥቂት ይሰበራል። አጎቴ ይህን ለማስተማር ዐይኔን በነጠላ አስረው አንድ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ከሜዳው ዳር አስቀምጠውኝ፣ በኋላዬ እየጋለቡ፣ «አሁን ልወረውር ነው ወይስ አይደለም?» እያሉ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ሲመሽ ካስር ስምንቱን አውቅ ነበር። ጋሻውን በትክክሉ ሰዓት ማንሣት ማለት ይኸው ነው፤ ቀድሞ ያነሣው ክንዱ ይዝላል፤ የዘገየው ይመታል።

ለምን ማምለጥ ይቀድማል ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የተባረረ ሰው ነው ሲያባርር የት እንደሚያቆም የሚያውቀው» አሉኝ። ያን ጊዜ በጀርባዬ ላይ የተሰበረው አገዳ እያሳከከኝ ስለ ነበር ነገሩን ብዙም አላዳመጥሁት።

ዘንግ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከዘንጉም ጋር ሕጉ። ድንበሩን ያለፈ ሰው አይመታም። ጋሻው የወደቀበት አይመታም። ፈረስን የመታ ሰው ከፈረሱ ወርዶ፣ ልጓሙን እየሳበ፣ በእግሩ ከሜዳው ይወጣል፤ በዚያ ዓመትም ዳግመኛ አይመለስም። እነዚህ የኛ መንደር ሕጎች ናቸው፤ በሌላው አገር ጥቂት ጥቂት ይለያያሉ። አፈጻጸሙን የሚያየው መካከል ላይ የሚቆም አንድ ሽማግሌ ነው። እርሱ ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሣ የተወረወረ ዘንግ እንኳ ቢሆን እንደ ስርቆሽ ይቈጠራል።

የቡድኑን አሠራር በተመለከተ፣ በእያንዳንዱ ወገን ከዐሥራ ሁለት እስከ ሃያ ፈረሰኞች ይሰለፋሉ። መሪው የጎበዝ አለቃ ነው፤ ይህ ስም ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የሚመረጠው በሀብት ወይም በትውልድ አይደለም። ስምንት በሬ ያለው ሰው ጭፍራ ሆኖ፣ በአንድ በሬ እየተቀናጀ የሚያርሰው ድኻ አለቃው ሲሆን አይቻለሁ። ፊት የሚወጡት ወጣቶቹ ናቸው፤ ፈረሳቸው ያረፈ ሦስት ወይም አራት ነባሮች ደግሞ በደጀንነት ወደ ኋላ ይቀራሉ። የደጀኖቹ ሥራ ወገናቸው ሲባረር ተቀብለው አባራሪውን መመለስ ነው። ለወጣት ፈረሰኛ ትልቁ ሹመት ፊት መውጣት ይመስለዋል፤ ነባሮቹ ግን በልባቸው ይስቃሉ፤ ትልቁ ሹመት ወደ ኋላ መቅረት ነውና።

የድሮውን የጦር ሥርዓት ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። ፊታውራሪ የፊተኛው ጦር መሪ፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው ነበሩ። እነዚህ ስሞች ኋላ ባዶ የማዕረግ ስም ሆኑ እንጂ መጀመሪያ የቦታና የሥራ ስሞች ነበሩ። በጉግስ ሜዳ ግን ቦታነታቸው አልቀረም፤ በኛ ወገን የግራውን ክንፍ የሚይዘው ሰው ከንጉሥ ግራዝማችነት የተሰጠው ሳይሆን በግራ እጁ የሚወረውር ግራኝ ስለ ነበረ ነው። የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ እንደ ኖሩ፣ በመንደራችንም ደጀንነት የደረሰ ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ይባላል። ከዚያ በፊት ራሱን በፈረስ ስም የሚጠራ ጎረምሳ ቢገኝ የሚስቅበት ብዙ ነው።

ጦርነትን በጨዋታ መማር የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ ወጣት መኮንን አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ለጦሩ ኤታማዦር ሹም አሳየ። በካርታ ላይ የወታደር ምልክት የሆኑ ትንንሽ ቁራጮችን እያንቀሳቀሱ፣ ዕጣ እየጣሉ የሚጫወቱት ነው። ኤታማዦር ሹሙ ነገሩ ከጨዋታ በላይ መሆኑን ተረድተው ለጦሩ ሁሉ እንዲደርስ አደረጉ። እኔን ከዚህ ታሪክ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያም ጨዋታ መካከል ላይ ዳኛ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን የሚሰጡት ለእርሱ ነው፤ ያየውን አይቶ የሚፈርደውም እርሱ ነው። ፕሩሲያና ሊበን ሳይተዋወቁ ዳኛን መካከል ላይ አቆሙት።

ጨዋታው እውነተኛ ጦርነትን ያሸንፋል ወይ ብትሉኝ፣ እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ማሞገስ አልፈልግም። የጎጃም ፈረሰኛ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተሰልፎ፣ በራስ ጎበና ፈረሰኞች ፊት አልቆመም፤ ንጉሡም ቈስለው ተማረኩ። በጉግስ ሜዳ ላይ ድንበር አለ፤ እምባቦ ላይ ግን የሚደርሱበት ድንበር አልነበረም። ደግሞ በሌላ ጊዜ ማስመሰል ራሱ ጦር ሆኖ የሠራበት አለ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ጥቂት የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮችን ይዞ፣ በአርበኞች እየተረዳ፣ ከእርሱ እጅግ የሚበልጠውን የኢጣሊያ ጦር ከቡሬና ከማንኩሳ ምሽጉ ያስለቀቀው፣ ሌሊት ከዚህም ከዚያም እየተኰሰ፣ በድምፅ ማጉያ እያስለፈፈ፣ ብዙ መስሎ በመታየት ነው። የቡሬ ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ ከተኩሱ ይልቅ የሚያስቃቸው ልፈፋው ነው።

ከእውነተኛው የወታደር ትምህርትም ጋር ያለውን ዝምድና እነሆ። ከፍኖተ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ብርሸለቆ የሚባል የመሠረታዊ ውትድርና ማሠልጠኛ አለ። እዚያ የሠለጠነ የጎረቤታችን ልጅ ወደ መንደር ሲመለስ፣ መጀመሪያ የተማረው መሰለፍ፣ መራመድ፣ መስማትና መታዘዝ እንደ ነበረ፣ ጠመንጃው ኋላ እንደ መጣ ለአጎቴ ነገራቸው። «እናንተም በባዶ እጅ ነው የምትጀምሩት?» ብለው ደስ አላቸው። ልጁም ሰው በጎ ነገር የተናገረለት መስሎት ኰራ።

ሥርዓቱን ከሁሉ አልቆ የያዘው ማነው ቢባል፣ ጎረቤቶቻችን አገዎች ናቸው ብል አላፍርም። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ እንጅባራን ታገኛላችሁ። እዚያ የሰባቱ ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይሰበሰባል። ማኅበሩ አድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው ይባላል፤ ዓመቱን ልብ በሉት፤ ጠላት ገና ከአገር አልወጣም ነበር። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቈጠራሉ። የእንጅባራን ሜዳ በዚያ ቀን ያየ ሰው ስለ ፈረስ ዳግመኛ አጭር ወሬ አያወራም። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ብዛታቸው አይደለም፤ ማኅበር መሆናቸው ነው። ማኅበር ካለ የአባት ቦታ ለልጅ፣ የልጅም ስም በመዝገብ ይኖራል።

በኛ በኩል ግን በዓሉ አለ፤ መሰላሉ ተሰብሯል። የወል ግጦሹ እየታረሰ አልቋል። ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ይህ መልካም ነው፤ ኳስ የሚያንከባልሉበት ጉብታ ግን ሌላ የሚተካው አልተገኘለትም። ለጉግስ የተገራ ፈረስ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ጎዳና የጡብና የሲሚንቶ ጋሪ ሲጎትት ታዩታላችሁ፤ በጋሪው ፊት ባጃጅ ሲያልፍ ጆሮውን ቀጥ የሚያደርገው ያ ነው። ስለዚህ የጥምቀት ዕለት ፈረስ ይከራያል፤ ለምድ ይከራያል፤ ዘንግ ይቈረጣል። ጋሻ የሚፈልግ ግን የለም፤ ማምለጥ የተማረ የለማ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከከተማ የመጣ፣ ጠባዩ መልካም፣ ፈረስ ላይም ክፉ ያልሆነ ጎረምሳ፣ አንድ የመንደራችንን ልጅ እያባረረ ድንበሩ ላይ ደረሰ። የሚሸሸው ልጅ ድንበሩን አለፈና ፈረሱን አዝግሞ፣ ፊቱን አዞረ፤ ያለፈ ሰው አይመታምና ጋሻውን ዝቅ አድርጎ ይስቅ ነበር። ያኛው ዘንጉን የለቀቀው ያን ጊዜ ነው። የግራ ዐይኑ ጠፋ። ሆን ብሎ አይደለም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የት እንደሚቆም የነገረው ሰው አልነበረም፤ ማታውኑ ግን የሁለቱ ወገን ወንድሞች ጠመንጃ አውርደው ተፋጠው አመሹ። ሽማግሌዎች ሦስት እሑድ በዋርካው ሥር ከተቀመጡ በኋላ ካሣ ተቈርጦ ታረቁ። አጎቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ጎረምሳውን ቀርበው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ልጄ፤ አንተን ማን አባሮህ ያውቃል?» አሉት። ልጁ አልገባውም፤ እኔ ግን ያን የማሽላ አገዳ በጀርባዬ ላይ ሰማሁት።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በጎጃም ምድር የተሰማው ተኩስ የጨዋታ አይደለም። ስለ እርሱ የምጽፍበት ገጽ ይህ አይደለም። የማውቀውን አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ በኛ ቀበሌ ሁለት ጥምቀት ፈረስ ሳይወጣ አለፈ። የተሰበሰበ ፈረሰኛ ከሩቅ ሲታይ ጦር ይመስላል፤ ሰውም መምሰሉን ፈራ። ባለፈረሶቹ ፈረሳቸውን በጋጥ አስረው ታቦቱን በእግራቸው ሸኙ።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ፣ የማኅበራቸውን የሥልጠና ደንብ ወደ አማርኛ መልሶ ሊልክልኝ፣ እኔም የአጎቴን ትምህርት ጽፌ ልልክለት ተስማማን። የእርሱ ሃያ ስድስት ገጽ ነው፤ ተነባቢ ነው። የኔ ገና አራተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አጎቴ አንድ ነገር ሲነግሩኝ የፈረሱን ዘር፣ የባለፈረሱን አባት፣ የሣሩን ዓይነት ሳይጨምሩ አያልፉም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያሉ ሽማግሌ በቤቱ ያሉት ሰው ቢኖር፣ በተለይ የደጀኑ ፈረስ ከጨዋታው በፊት ስንት ቀን ማረፍ እንዳለበት ጠይቆ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ አጎቴ ሦስት ይላሉ፤ የታች ቤቶች ግን አምስት ይሉ ነበር፤ በዚህ ነገር አርባ ዓመት ተከራክረዋል።

በአሁኑ ጊዜ በመንደሩ አራት ልጆች ይማራሉ። ፈረሱ ሁለት ነው፤ ጋሻው አንድ ነው፤ እየተፈራረቁ ይሸሻሉ። ዳኛው አጎቴ ናቸው። ድንበሩን ማየት ስለማይችሉ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ከአጠገባቸው ቆማ ጋቢያቸውን ይዛለች። ፈረስ ሲያልፍ፣ «አባባ፤ አለፈ» ትላለች፤ እርሳቸው ክንዳቸውን ያነሣሉ። ሰሞኑን አንድ ጊዜ ሳትነግራቸው ክንዳቸውን አነሡ። ልጅቱ፣ «ገና ነው!» አለች። እርሳቸውም፣ «ፈረሱ አልደረሰም፤ ልጁ ግን ደክሞታል፤ በኮቴው ሰምቼዋለሁ» አሉና ክንዳቸውን ሳያወርዱ ቆሙ።